በእኔ እጅ ብቻ የምትጮህ መኪና

«የሴት እጅ ገብታ ነው የተበላሸችው» አሉ አባባ። የተናገሩት ለእኔ አልነበረም፤ ለወንድሜ ለሙንዚር ነበር። እኔ ከግድግዳው ማዶ፣ ኩሽና ውስጥ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። የቤታችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሳሎን የተባለ ሁሉ ኩሽና ይሰማል፤ አባባ ደግሞ አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ የሚናገሩት ለጎረቤትም ይተርፋል። ሙንዚር «እኔማ ካልኩ ቆየሁ» አለ። ቀጥሎም ዛሬውኑ መኪናዋን ኮምቦልቻ አውርዶ ለሚስባህ እንደሚያሳያት፣ ሚስባህ የመለዋወጫ ነጋዴ ስለሆነ ያለቀላትን መኪና ፈታትቶ መሸጥ እንደሚያውቅበት፣ እሱ ራሱም በገንዘቡ ሲያስበው የኖረውን የስልክ ሱቅ እንደሚከፍትበት፣ ባለ ሊብሬው እርሳቸው ስለሆኑ አብረውት ወርደው ሽያጩን በአንደበታቸው ቢሉለት እንደሚበቃ አስረዳቸው። አባባ «ይሁን» አሉ። በየወሩ ለዓይናቸው ሕክምና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የማመላልሳቸው በዚያችው መኪና፣ በዚሁ በሴት እጅ መሆኑ ትዝ ያላቸው አይመስልም። ሻዩን ቀዳሁና ይዤ ገባሁ። ሙንዚር ስለ ሽንኩርት መወደድ ማውራት ጀመረ፤ ሽንኩርት ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው።

መኪናዋ ነጭ፣ አሮጌ፣ ማርሹን ራሷ የምትቀይር አውቶማቲክ ናት። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነተሳቢው የጭነት መኪና ይዘው አሰብ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ይቺን የገዟት ከባድ መኪና ካቆሙ በኋላ ሲሆን አንድም ቀን ከልብ ወደዋት አያውቁም፤ «ሾፌር የማትፈልግ መኪና» ይሏታል። ዓይናቸው ሲደክም እሷም ግቢ ውስጥ ቆማ አቧራ ትጠጣ ነበር። ከባሌ ተፋትቼ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደሴ እያደሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩ ሦስት ሴቶችን ጠዋት አወርዳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። የቤቱ አስቤዛም የአባባ መድኃኒትም የሚወጣው ከዚያ ነው። ለእኔ ግን ከአስቤዛውም በላይ ነው። ከፍቺው በኋላ የወንድሜን እጅ እያየሁ የኖርኩባቸውን ወራት አልረሳኋቸውም፤ ለሳሙና እንኳ «ለምንሽ ነው?» ይለኝ ነበር። መሪውን ከያዝኩ ወዲህ ማንም ለምንሽ ነው ብሎኝ አያውቅም። መኪናዋ ከሄደች ያ ጥያቄ ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ድምፁ የመጣው በክረምቱ መውጫ ላይ ነው። ከደንበኞቼ አንዷ፣ ባንክ የምትሠራው ሰርክአዲስ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እግሯን ሰብስባ «ጣይባዬ፣ ከሥሬ የሆነ ነገር እያገሳ ነው» አለችኝ። እውነትም ከወለሉ ሥር ጉርርር የሚል፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ነበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ ጠፋ። ማታ አቀበቱን ስንወጣም የለም። በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ ተመልሶ መጣ። ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ሠራተኛው ሰፈሩን አዙሯት መጣና «ምንም የላትም፣ እህቴ፣ ጆሮሽን ታጠቢ» አለኝ። ሌላኛው ደግሞ ነድቶም ሳያያት ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለና «ካምቢዮዋ አልቋል» ብሎ ፈረደ፤ ማርሹን የሚቀያይረውን ዕቃ ማለቱ ነው። ቀጥሎ ሙንዚር «እስቲ እኔ ልያት» ብሎ ብቻውን ኮምቦልቻ ደርሶ ተመለሰ። ድምፅ የሚባል አልሰማሁም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ነገሩ ተዘጋ፤ በእሱ እጅ ካልጮኸች፣ በእኔ እጅ ብቻ ከጮኸች፣ በሽታው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር። አነዳዴን ቀየርኩ፣ ጫማዬን ቀየርኩ፣ መሪውን ጨብጬ ቢስሚላህ እያልኩ በእርጋታ ወረድኩ። ጉርርር።

ታዲያ ያን ዕለት ጠዋት፣ ያ ቃል ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ቁልፉን ከመስኮቱ ላይ አነሳሁ። እሁድ ስለሆነ ደንበኞቼ የሉም። ሙንዚር እጁን ዘረጋ።

«የምነዳት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ለመሸጥ ነው እኮ የምንሄደው።»

«ሰምቻለሁ። ግድግዳው እንደሆነ ታውቀዋለህ። እስክትሸጥ ድረስ እኔ ነኝ የምነዳት።»

አባባ አንገታቸውን አቀረቀሩ። መስማቴን አወቁ። ይቅርታ ግን አላሉም፤ በእሳቸው ዘመን አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም። ኮታቸውን ደርበው ከኋላ ወንበር ገቡ፤ ሙንዚር ከጎኔ ተቀመጠ። ከተማዋን ጉም ሸፍኗት ነበር፤ የፊት መብራት አብርቼ፣ ባጃጆቹን እየጠበቅኩ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ሦስታችንም አንናገርም። የቤተሰብ ዝምታ ከባዕድ ዝምታ ይከብዳል፤ ባዕዱ ዝም ሲል ምን እያሰበ እንደሆነ አታውቅም፣ የአባትህንና የወንድምህን ግን ቃል በቃል ታውቀዋለህ። እያሰቡ የነበሩት ድምፁ መጥቶ ነገሩን እንዲገላግላቸው ነበር። እኔ በሆዴ ዱዓ እያደረግኩ ነበር። ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላወቅኩም፤ ብትጮህ ይሸጧታል፣ ባትጮህ ደግሞ ውሸታም ልባል ነው።

ሐረጎ ላይ መንገዱ ወደታች ሲደፋ እንደ ልማዴ ማርሹን ሁለት ላይ ሳብኩት። አውቶማቲክም ብትሆን እንዳትቀይር አድርገህ የምትይዝበት ቦታ አላት። ይህን ያስተማረኝ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት አይደለም። አባባ ናቸው፤ በልጅነታችን እራት ላይ ሳይቀር ሲነግሩን ያደግነው እሱኑ ነው፦ አቀበቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፣ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬንህን ለክፉ ቀን አስቀምጠው። ማርሹን ስስብ ሞተሩ መኪናዋን ወደ ኋላ ያዘ፤ ወዲያውም ከሥራችን ጉርርር አለ። ሙንዚር ወደ ኋላ ዞሮ «ሰሙ፣ አባባ?» አለ፤ ደስ ያለው ይመስላል። አባባ ደህነኛውን ጆሯቸውን አዘነበሉና «ሰማሁ» አሉ። «እንግዲህ እኔ ስነዳት ይስሙ» አለና መኪናዋን አስቆመኝ። ወረድኩ፤ ቦታ ተቀያየርን።

እውነትም ዝም አለች። ነጯ መኪና፣ የእኔ መኪና፣ በወንድሜ እጅ እንደ በግ ዝም ብላ ቁልቁለቱን ፈሰሰች። መታጠፊያ አለፍን፣ ሌላ መታጠፊያ አለፍን፣ ሽው ከሚለው ንፋስ በቀር ምንም የለም። «ይኸው!» አለ ሙንዚር። አባባም ከኋላ «ይኸው» አሉ፤ ያቺ ቃል ከጠዋቷ በለጠችብኝ። ማልቀስ ግን አልፈለግሁም፤ ካለቀስኩ ሁለቱም ሊያዝኑልኝ ነው፣ ካዘኑልኝ ደግሞ አለቀልኝ። ዓይኔን ከሙንዚር ፊት አንስቼ ወደ መኪናዋ መለስኩ። የፍጥነቱ ቀስት እየጨመረ ነው። የሞተሩ ቀስት ግን ወድቆ፣ ቆማ እንደምትሞቅ መኪና፣ ታች ተኝቷል። እንዲህ እየበረርን ሞተሩ እንዴት ይተኛል? ማርሹን አየሁት። የሙንዚር መዳፍ ሸፍኖታል።

«እጅህን አንሳልኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ዜሮ ላይ ነህ፤ ማርሽ የለህም።»

«ዲ ላይ ነኝ፣ ወላሂ…» ብሎ መሐላውን ሳይጨርስ ዋጠው። በሐሰት መማል ይፈራል፤ ይህንን አልክድበትም። «ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ምን አቃጠለኝ? ሁሉም ሰው በዜሮ ነው የሚወርደው። ቤንዚን ተሰልፈሽ ቀድተሽ ታውቂያለሽ?» ሳምንቱን ሙሉ ቤንዚን ተሰልፌ የምቀዳው እኔ ነኝ። ከኋላችን ግን አባባ ከመቀመጫቸው ተነስተው በሁለታችን መሐል አንገታቸውን አስገብተው ነበር። ዓይናቸው ማርሹ ላይ የተጻፈውን ፊደል አይለይም። የአውቶማቲክን ማርሽም ነገሬ ብለውት አያውቁም፤ ካምቢዮዋ ራሷ ታውቅበታለች እያሉ ነው የኖሩት። አፍንጫቸው ግን የሾፌር አፍንጫ ነው። አየሩን ሳብ አደረጉ። እኔም ያን ጊዜ ሸተተኝ፤ የተቃጠለ ፍሬን።

«ሙንዚር» አሉ ረጋ ብለው፣ «እስቲ ነዳጅ ስጣት።»

«አባባ፣ ቁልቁለት ላይ እኮ…»

«ስጣት ብያለሁ።»

ረገጠው። ሞተሩ ብቻውን ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ስንዝር አልተሳበችም። ከምንም ጋር ያልተያያዘ ሞተር እንደዚያ ነው የሚጮኸው፤ ይህን ለማወቅ አውቶማቲክ መንዳት አያስፈልግም። አባባ «አቁም» አሉ። ድምፃቸው ጎላ አላለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብለው ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ሙንዚር ፍሬኑን እየረገጠ፣ መኪናዋ እየተንሸራተተች፣ በቆሎ የሚጠበስበት ጥግ ደርሳ ቆመች። ጎማዎቹ አካባቢ ጭስ ብጤ ይወጣል። አባባ ወረዱ። መንገዱ ዳር ቆመው ወደ ገደሉ ተመለከቱ፤ የሚታያቸው ነገር ያለ አይመስለኝም። ከአሰብ ሲመለሱ የልብ ጓደኛቸው የሞተው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ነዳጅ ሊቆጥብ በዜሮ ለቆት፣ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ብሎት፣ ከነረዳቱ። ይህን ታሪክ እኔም ሙንዚርም ፊደል ሳንቆጥር ነው የምናውቀው። በቤታችን ውስጥ የሚያስቆጣ ነገር ብዙ ነበር፤ የሚያስገርፍ ግን አንድ ነበር፣ የመንደር ጋሪ እንኳ ይዞ ቁልቁለት መልቀቅ።

«ሁለት ወር ሙሉ» አልኩ፣ ሁለቱም እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ፣ «በእኔ እጅ የምትጮኸው እርስዎ እንዳስተማሩኝ ስለምነዳት ነው። በእሱ እጅ ዝም የምትለው እርስዎን ሲሰማ ስላልነበረ ነው። የሴት እጅ ያሉትን ሰምቻለሁ፣ አባባ።»

አባባ ሄደው የፊተኛውን በር ከፈቱና እኔ ተቀምጬበት ከነበረው ቦታ ተቀመጡ። ሙንዚር ትንሽ ቆሞ ከኋላ ገባ። መሪውን ያዝኩ። ማርሹን ሁለት ላይ አደረግኩ፤ ጉርርር አለች። አላፈርኩባትም። አባባ ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጆሯቸው ያልያዘውን በእግራቸው ሊሰሙ ነው። እኔም ያን ጊዜ ነው መኪናዋን በርጋታ ማዳመጥ የጀመርኩት፤ እስከዚያ ድረስ ስፈራት እንጂ ስሰማት አልነበረም። እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ይመጣል። ጥቂት ረገጥ ሳደርግ ይጠፋል። ሳነሳ ይመጣል። «ሞተሩ ሲጎትት ሳይሆን ሲጎተት ነው» አልኩ። አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ካምቢዮ ቢሆን ሲቀያይር ይንገጫገጭ ነበር» አሉ። «ይሄ ብረት ከብረት እየተነካካ ነው። ሞተሩ ከተቀመጠበት ይንቀሳቀሳል።» ለአንድ አፍታ፣ ከኩሽናው ቃል በፊት እንደነበርነው፣ አባትና ልጅ ሆነን ወረድን። ከዚያ የጠዋቱ ቃል ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ መንገዱ መለስኩ።

ኮምቦልቻ ፀሐይዋ ወጥታ ሞቅ ብላ ነበር፤ የደሴ ጃኬታችንን አወለቅን። የሚስባህ ግቢ የተፈታ መኪና መቃብር ነው፤ በሮች ለብቻ ተደርድረዋል፣ መስተዋቶች ለብቻ፣ ወንበሮች ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ሚስባህ የደጋን ከተማ ልጅ ነው፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሰውን ሲጨብጥ ኪሱን የሚዳብስ የሚመስል። «ኑ፣ ኑ፣ አህለን» ብሎ ተቀበለን፤ መኪናዋንም ዙሪያዋን ዞሮ ቃኛት፣ በዓይኑ መፈታታት ጀምሯል። እኔ ሰላምታውን ሳልጨርስ መካኒኩን ሀፊዝን ጠርቼ «ጉድጓዱ ላይ ላውጣትና ከሥር እይልኝ፤ ሞተሩን የሚሸከሙትን መደገፊያ ጎማዎችና የጭስ ማውጫውን» አልኩት። ሙንዚር «ለሚፈታ መኪና ምን ጥገና ያስፈልጋል?» አለ። «ከመፈታቷ በፊት በሽታዋን አውቄ ልቅበራት» አልኩት። ሀፊዝ ሳቀና የእጅ ባትሪውን ይዞ ገባ።

ብዙም አልቆየም። ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጠራኝና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሞተሩን ከኋላ የሚይዘው ጎማ እንደ አሮጌ ሸበጥ ተቀዶ ነበር። ሞተሩ ሲጎተት ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፣ ሲያጋድል የጭስ ማውጫውን ቱቦ ይዞት ከአካሏ ብረት ጋር ያገናኘዋል። የተነካኩበት ቦታ ዝገቱ ተፍቆ ያብለጨልጫል። ይኸው ነው። የሁለት ወር ሐሜት፣ የካምቢዮ ፍርድ፣ የሴት እጅ፣ ሁሉም አውራ ጣት የምታህል የተፋቀች ቦታ ነበረች። ሀፊዝ ከመደርደሪያው ከሌላ መኪና የወጣ ደህና ጎማ መርጦ ገጠመላት። አባባ በርሜል ላይ ተቀምጠው የመፍቻውን ድምፅ ይከታተላሉ፤ ሙንዚር ስልኩን ይነካካል። ለዙሁር ሶላት ሲጠራ ወንዶቹ ሰግደው መጡ፤ እኔም ከሚስባህ ሚስት ጋር ቤት ገብቼ ሰገድኩ። ከዚያ ሀፊዝን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ሐረጎ ጥቂት ወጣሁና ዞሬ ወረድኩ። ሁለት ላይ። እግሬን አነሳሁ። ሞተሩ ያዘኝ። ምንም። ሀፊዝ «ማሻአላህ» አለ። ብቻዬን ብሆን እጮህ ነበር።

ስመለስ ሁለቱ ወንዶች አባባን መሐል አድርገው ቆመዋል። ሚስባህ ኮፈኑን መታ መታ አደረገና «እንዲህ ከሆነችማ አልፈታትም፣ እንዳለች ነው የምሸጣት። ጠዋት ከሙንዚር ጋር ካልነው ዋጋ ላይ ደህና አድርጌ እጨምራለሁ» አለ። የሙንዚር ፊት በራ። «አልሐምዱሊላህ! አየሽ፣ ጣይባ፣ ድካምሽ ከንቱ አልቀረም። የስልክ ሱቁን ካሰብኩት ሰፋ አድርጌ እከፍተዋለሁ፤ ላንቺም አንድ ነገር አላጣልሽም።» ላንቺም አንድ ነገር። ለሳሙና ማለቱ ነው። ጤነኛ መሆኗን ለማሳየት ስለፋ ለገበያ አጥቤ ያቀረብኳት እኔው መሆኔ ገባኝ። አባባ ከዘራቸውን አፈሩ ላይ ያሽከረክራሉ። «ለሙንዚር ቃል ሰጥቼዋለሁ» አሉ ወደ ማንም ሳያዩ።

«ቃል የሰጡት የተበላሸች መኪና ሊሸጡ ነው» አልኩ። ቁልፉን እጄ ውስጥ ጨብጬዋለሁ። «አልተበላሸችም። መኪናዋ የእርስዎ ናት፣ ከሸጧት እጅዎን አልይዝም። ግን ምክንያቱን እዚሁ፣ ሚስባህ ፊት፣ ይንገሩኝ። ጠዋት የሴት እጅ ነው ብለው ነበር። አሁን ምን ብለው ነው የሚሸጡብኝ? በዜሮ የሚነዳው ልጅዎ ሱቅ ስለፈለገ፣ ባስተማሩኝ ማርሽ የምነዳው እኔ መሪ ልልቀቅ? እንደዚያ ከሆነ እንደዚያ ይበሉ። እኔ ቁልፉን እሰጥዎታለሁ። ነገር ግን በሆዴ ይዤው አልሄድም፤ በአፍዎ ብለውት ነው የምሄደው።»

ሚስባህ መሳቁን ትቶ ወደ ወንበሮቹ ሄደ፣ ግን ከሚሰማበት ሳይርቅ። ሙንዚር «አንቺ አባትሽን ነው እንዲህ የምትናገሪው?» አለ። አባባ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ከአስፋልቱ በኩል የጭነት መኪናዎች ያልፋሉ፤ አንዱ ማርሽ ሲቀንስ ጆሯቸውን ወደዚያ አዘነበሉ፣ ልማድ ነው። ከዚያ በዚያ ለጎረቤት በሚተርፍ ድምፃቸው ተናገሩ።

«ምክንያት የለኝም» አሉ። «ሚስባህ፣ የሚሸጥ መኪና የለንም። የሴት እጅ አይደለም ያበላሻት። የሴት እጅ ነው እስከ ዛሬ በሕይወት ያቆየኝ። ለሱቁ ሌላ መንገድ ይፈለግለታል።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ፤ መፍቻውን ሊያነሳ የወረደው ሀፊዝ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አደረገ። ሙንዚር ሄዶ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ። እንዲያ ሲቀመጥ አሳዘነኝ፤ ያም ሆኖ ፊተኛውን ወንበር አልሰጠውም። ለሀፊዝ የእጁን ዋጋ ሰጠሁት። ሚስባህ «ሐሳብሽን ከቀየርሽ…» ሲለኝ «አልቀይርም» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መኪናዋ የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ።

አቀበቱን ስንወጣ አባባ ጫማቸውን እንደገና አውልቀው እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈዋል። የሚሰማ ነገር የለም። ጉሙ ተገልጦ ማሳው ሁሉ ታች ወለል ብሎ ይታያል፤ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ኮታቸውን ከኋላ ሙንዚር አቀበላቸው። በቆሎ የሚጠበስበትን ጥግ ስናልፍ ማናችንም ወደዚያ አላየንም። እኔ ነገ ጠዋት ሰርክአዲስ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ እያሰብኩ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ግን ደስታው ሆዴ ውስጥ ያለውን አላጠበውም፣ እንዲያጥበውም አልፈለግሁም።

«አባባ» አልኩ፣ «የጠዋቱን አልረሳሁትም።»

በደህነኛው ጆሯቸው በኩል ስለሆንኩ መስማታቸውን አውቃለሁ። ከፊታችን የነበረው ሚኒባስ ታጥፎ ተሰወረ።

«አትርሺው» አሉኝ።